የሻረግ ለምን ተላጨች

ይሄ የሆነው ድሮ ነው። ሳሙና አገራችን ሳይገባ፣ ሰው ልብሱን በእንዶድ ሲያጥብ፣ ዘመን "አንበጣው የመጣ ጊዜ"፣ "ድልድዩ የፈረሰ ጊዜ" እየተባለ ሲቆጠር ነው። እኔ አላየሁም። የነገሩኝም አላዩም። ግን አንዱ ለአንዱ እያቀበለ እኔ ጋ ደርሷል። እናንተም ስሙና ተቀበሉኝ።

ግራዋ በር የሚባል መንደር ነበረ። ከላዩ ዳገት ነው፣ ከታቹ ቆላ ነው። ሁለት ምንጭ ነበረው። አንዱ የላይ ውሃ ይባላል። ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ሌላው የታች ውሃ ይባላል። ገደሉን ወርደሽ ወርደሽ፣ ሙቀቱ ፊትሽን ሲመታሽ ነው የምታገኚው። እዚያ ንዳድ አለ። ዛሬ ወባ የምንለው ማለት ነው። ከዚያ ማንም አይቀዳም።

በዚህ መንደር የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። መሬት የላትም፣ በሬ የላትም። ሰው ቤት እየዞረች እህል ትፈጫለች። የድንጋይ ወፍጮ ነው እንግዲህ፣ ተንበርክከሽ ነው የምትፈጪው። የጉልበቷ ቆዳ እንደ ግመል ጉልበት ደድሮ ነበር ይባላል። ስትናገር ድምጿ አይሰማም። "ምን አልሽ?" ሲሏት "ምንም" ትላለች።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ አስካለ። አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። አስካለ ፈሪ ናት። ሰው ስሟን ሲጠራት መጀመሪያ እናቷን ታያለች፣ ከዚያ ነው "አቤት" የምትለው። ሰው በተሰበሰበበት መሀል ከምታልፍ በእሾህ ውስጥ ብታልፍ ይሻላታል።

አሁን የመንደሩን ሕግ ልንገራችሁ። የግራዋ በር ሰዎች ቅማል ከሐሳብ ይመጣል ይሉ ነበር። ሐሳብ የበዛበት ቤት ደግሞ እርግማን አለበት ይሉ ነበር። ስለዚህ ቅማል የተገኘባት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሾላው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። በምላጭ ትላጫለች። ከዚያ ወደ ታች ውሃ ትወርዳለች። እዚያ አንዲት ጎጆ አለች። ጸጉሯ ጆሮዋን እስኪሸፍን ድረስ እዚያ ትኖራለች፣ ምግቧን ገደሉ አፋፍ ላይ ያስቀምጡላታል። ጸጉር ጆሮ እስኪሸፍን ስንት ወር ይፈጃል? ቁጠሩት። ንዳድ ያን ያህል አይታገሥም። ሦስት ልጆች ወርደው ነበር። አንዷ ተመልሳለች።

ሕጉ እንዲህ ስለሆነ በግራዋ በር ቅማል ያለበት ሰው አልነበረም። ያሳክካቸዋል እንጂ። አንዷ ታካለች፣ "ላብ ነው" ትላለች። አንዷ ታካለች፣ "ትንኝ ነው" ትላለች። አንዷ ታካለች፣ "የክረምት አየር አይስማማኝም" ትላለች። አትሳቁ። ሁሉም ያካል፣ ማንም ቅማል የለበትም።

አንድ ክረምት የሻረግ እህል ስትፈጭ ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። ልጅቷ ከጆሮዋ ጀርባ አከከች። ትንሽ ቆየችና አሁንም አከከች።

"ነይ እስቲ" አለች የሻረግ።

"ምንም የለብኝም እማዬ።"

"አለብሽ አላልኩም። ነይ።"

ጸጉሯን ገለጥ አደረገችው። አየች። ቅማል ነው። አንድ ሁለት አይደለም። አስካለ ፊቷ አመድ መሰለ። "ሊልኩኝ ነው?" አለች። የሻረግ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ አነጠፈች።

የሻረግ የምታውቀው ቅማል በቅቤ እንደሚታፈን ነው። ቅቤ ደግሞ የላትም። ወደ ጎረቤቷ ወደ ሽታዬ ሄደች። ሽታዬ ልበ ቀና ሴት ናት፣ አፏ ግን ከልቧ ይቀድማል።

"እትዬ ሽታዬ፣ የቆየ ቅቤ ካለሽ…"

"ቅቤ? ራስ ልትቀቢ? ምነው፣ ባል መጣልሽ እንዴ! ንገሪን እንጂ፣ እኛም እልል እንበል!"

ሳቀችባት። ስቃ ስታበቃ ግን ገብታ ቅሉ ታች የቀረውን፣ ለወጥ የማይሆነውን፣ የሸተተውን ቅቤ ጠርጋ ሰጠቻት።

የሻረግ የልጇን ራስ በዚያ ቅቤ ደፈነችው። አንድም ጸጉር ደረቅ አላስቀረችም። በጨርቅ ጠቅልላ አሰረችላት፣ እንደዚያው አሳደረቻት። በማግስቱ የግራዋ ቅጠል ቀጥቅጣ፣ ውሃውን አጥልላ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ ብላ አጠበቻት። ከዚያ ጥርሱ የተጠጋጋ የእንጨት ሚዶ ነበራት። ጸጉሩን ጭብጥ ጭብጥ እያደረገች ከሥሩ እስከ ጫፉ አበጠረችው። ነጠላው ላይ ረገፈ። ነጩ ነጠላ ላይ ሁሉም ይታያል። የረገፈውን ሁሉ እሳት ውስጥ ጨመረችው። የልጅቷን ቀሚስ በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው። ቁርበቱን ፀሐይ ላይ ዘረጋችው።

አስካለ ራሷን ነካ ነካ አደረገች። አያሳክክም። ሣቀች። ስምንት ቀን ሣቀች።

በዘጠነኛው ቀን አከከች።

ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን እርግማን ነው ብሎ ቁጭ ይል ነበር። የሻረግ ልጅቷን ፀሐይ ላይ አወጣቻት። አንዲት ዘለላ ጸጉር ወደ ብርሃን አንሥታ አየች። ጸጉሩ ሥር ላይ፣ ከሰሊጥ ያነሰች ነጭ ነገር ተጣብቃለች። እፍ አለቻት፣ አልበረረችም። በጣቷ ጠረገቻት፣ አልሄደችም። በጥፍሯ ቆንጥጣ እስከ ጸጉሩ ጫፍ ስትስባት ነው የመጣችው። ቅጫም ናት። ቅማሉ ሲሞት ቅጫሙ ቀርቶ ኖሯል። ቅቤው እናትየውን ያፍናል፣ እንቁላሉን አያፍንም። እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ እንደገና አሀዱ ነው።

ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ በአንድ ለቀመች። ለቅማ አላበቃችም። በየሦስት ቀኑ አበጠረቻት። ገና የተፈለፈለው አድጎ እንቁላል ሳይጥል ሚዶው ይደርስበታል። በየሦስት ቀኑ፣ በየሦስት ቀኑ፣ ሦስት ሳምንት። ነጠላው ላይ ምንም የማይረግፍበት ቀን መጣ። የሻረግ ያወቀቻት የመጀመሪያዋ ነገር ያቺ ናት።

ሁለተኛዋን ልንገራችሁ። የአስካለ ራስ ነጻ ሆነ። አንድ ሳምንት ቆየችና ደግሞ አከከች። የሻረግ ፈለገች። ቅጫም የለም። ትልልቅ ቅማል ብቻ ነው። እሷ ጋ አልተፈለፈለም፣ ከሌላ ቤት ነው የመጣው። የሻረግ ስትፈጭ ስትውል አስካለ ከሽታዬ ልጆች ጋር ነው የምትጫወተው፣ ባንድ ቁርበት ላይ ነው የሚጋደሙት፣ አንዷ የአንዷን ሻሽ ነው የምታስረው።

የሻረግ ሽታዬ ቤት ልትፈጭ ሄደች። ፈጨች። ዱቄቱን ሰፍራ አስረከበች። ከዚያ አልሄደችም፣ እዚያው ቆመች።

"ምነው?" አለች ሽታዬ።

"የልጆቹን ራስ ልይላቸው ብዬ…"

"ምን አልሽ?"

"የልጆቹን…"

"ሰማሁሽ! አንቺ! ቤቴ ገብተሽ፣ በልተሽ፣ የኔን ልጆች ቅማላም ልትይ? ደግሞ ማን ናት በሉኝ! የሰው ወፍጮ መጅ ስታሻሽ የምትውል! ቅማል ካለማ ካንቺ ሌላ ከማን ሊመጣ ነው?"

የሻረግ ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ አነጠፈች። ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ሚዶዋን አወጣችና የገዛ ራሷን ታበጥር ጀመር። የልጇን ስትለቅም የራሷን ረስታው ነበር። አንድ ወደቀ። ሁለት ወደቀ። ሦስት ወደቀ።

"የኔ ናቸው" አለች።

ሽታዬ ነጠላውን አየች። አሁን ወጥታ ብትጮህ የሻረግ እሑድ ትላጫለች። የሻረግም ታውቃለች፣ ሽታዬም ታውቃለች። ሽታዬ ወደ በሩ ሄደች። ዘጋችው። ተመልሳ መጣችና ነጠላው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሻሿን እየፈታች፣

"ቀስ ብለሽ አበጥሪ" አለች፣ "ጸጉሬ ይነቀላል።"

ከዚያ የሻረግ በየቤቱ ሄደች። ወፍጮው ሰበብ ሆነላት። ትፈጫለች፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ነጠላዋን ታነጥፋለች፣ መጀመሪያ የራሷን ታበጥራለች፣ ከዚያ የቤቲቱን እመቤት፣ ከዚያ ልጆቹን። በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ትመጣለች። እንዲህ እያለች ስምንት ቤት አዳረሰች። የስምንቱ ቤት ሴቶች እያንዳንዳቸው "አደራ፣ እንዳትናገሪ" አሏት። ለማንም አልተናገረችም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ከየሻረግ ሌላ በመንደሩ ውስጥ ቅማል የነበረባት እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

አንድ ቤት ቀረ። የጭቃ ሹሙ ቤት።

ጭቃ ሹሙ አገር ገዥ ናቸው፣ ሚስታቸው ግን እመት አየለች ናቸው የሚገዙት። ሕጉን የሚያስፈጽሙት እሳቸው ናቸው። ምላጩም የሚቀመጠው እሳቸው ቤት ነው። ያን ዓመት በግንቦት ወንድ ልጃቸውን ድረው ነበር። ሙሽሪት ደብሪቱ ትባላለች፣ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከወንዝ ማዶ ነው የመጣችው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚያ አገር ሙሽራን በሠርጓ ማለዳ ሹሩባ የምትሠራት እናቷ ናት። ያ ሹሩባ መልስ እስኪጠራ፣ ሙሽሪት ተመልሳ የእናቷን ደጃፍ እስክትረግጥ ድረስ አይነካም። እናት የሠራችው የእናት እጅ ይፈልጋል። ሌላ ሰው ከነካው ትዳሩ አይበረክትም ይባላል። ደብሪቱ ግን መልስ ሳይደርስ ዝናቡ መጣ፣ ወንዙ ሞላ። ሰኔ አለፈ። ሐምሌ አለፈ። ሹሩባው እንደታሰረ ነው። ሙሽሪት ከቤት አትወጣም። ቀጭን እንጨት ደብቃ በሹሩባው መሀል እየሰደደች ታካለች። ሰው ሲገባ እንጨቱን ከቁርበቱ ሥር ትሸጉጠዋለች።

ባሏ ለዘመቻ ተጠርቶ ሄደ። እመት አየለች አስካለን አስጠሯት፣ "ከሙሽሪት ጋር እደሪ፣ አጫውቻት" አሏት። አስካለ መጀመሪያ እናቷን አየች። ከዚያ "እሺ" አለች። ከሙሽሪት ጋር ባንድ ቁርበት ላይ ተኛች። እንጨቱን አየች። ለእናቷ ነገረቻት። ለሌላ ሰው አልነገረችም።

የሻረግ ሰማች። "ያቺን ልጅ ማን ያበጥርላታል?" አለች። ሹሩባው አይነካም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ሴቶቹ ሾላው ሥር ቆመው ያወራሉ። እመት አየለች አስካለን አዩዋት። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። በነጩ ቀሚስ አንገት ላይ አንድ ቅማል ይሄዳል። ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳይፈራ ይሄዳል።

"ይሄ ምንድነው?" አሉ እመት አየለች።

ሴቶቹ ከልጅቷ ፈቀቅ አሉ።

"ልጅት፣ ይሄ ምንድነው አልኩ!"

አስካለ እናቷን አየች። እመት አየለች ሰው ልከው ምላጩን አስመጡ። ልጅቷን እጇን ይዘው ድንጋዩ ላይ አስቀመጧት።

የሻረግ ዞር ብላ አየች። ስምንቱም ሴቶች አሉ። ሽታዬ አለች። አንዳቸውም ቀና አላሉም። አንዷ የልጇን ሻሽ ታጠብቃለች፣ አንዷ መሬት መሬት ታያለች። የሻረግ የስምንቱን ቤት ስም ብትጠራ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ያቺን ሙሽራ ብትጠራም ልጇ ትድናለች፣ ሙሽሪት ግን ተላጭታ ትወርዳለች። ማንንም አልጠራችም። ነጠላዋን አወለቀች። ድንጋዩ አጠገብ አነጠፈች። ተቀመጠችበት።

"የኔ ነው" አለች። "ከኔ ነው የሄደባት። እኔን ላጩኝ።"

ያን ቀን ድምጿ ተሰማ። "ምን አልሽ?" ያላት የለም።

እመት አየለች አሰቡ። "ምንጩ እናቲቱ ከሆነች እናቲቱ ትውረድ" አሉ። ልጅቷን አስነሡ። የሻረግን ላጯት። ራሷ ላይ አንድ ቅማል፣ አንዲት ቅጫም አልነበረችም። የላጫት ሰው ያንን አይቷል። ለማንም አልነገረም። ሚዶዋን ለአስካለ ሰጠቻት፣ ነጠላዋን አራገፈች፣ ገደሉን ወረደች። ሽታዬ መጥታ የአስካለን እጅ ያዘች። "እኔ ጋ ነሽ" አለቻት። ዓይኗን ግን አላየቻትም።

አስካለ በየጠዋቱ አፋፉ ላይ ትቆማለች። ከታች የእናቷ ጭስ ይወጣል። አንድ ቀን ወጣ። ሁለት ቀን ወጣ። ዐሥር ቀን ወጣ። በዐሥራ አንደኛው ቀን አልወጣም።

አስካለ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ሄደች። መንገድ ላይ ሰዎች ነበሩ፣ በመሀላቸው አለፈች። ሙሽሪት ጋ ገባች። ደብሪቱ እንጨቷን ይዛ ተቀምጣለች።

"ዛሬ ጭሷ አልወጣም" አለች አስካለ።

"የማን?"

"የእማዬ። ያንቺን ነው የተሸከመችልሽ።"

ደብሪቱ እንጨቱን አስቀመጠች። "እኔ ምን ላድርግ? እኔም እኮ እፈራለሁ" አለች።

"እኔም እፈራለሁ" አለች አስካለ። "ነይ።"

ሁለቱ ልጆች በጠራራ ፀሐይ ገደሉን ወረዱ። የሻረግ ጎጆዋ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች። ንዳዱ ይዟታል። ጥርሷ ይንገጫገጫል። አስካለ ውሃ አጠጣቻት። ደብሪቱ ፊቷ ተንበረከከች።

"እማማ፣ ፍቺልኝ።"

"የናትሽ እጅ ነው የሚፈታው ልጄ።"

"እናቴ ወንዝ ማዶ ናት። እንደሷ የሆንሽልኝ አንቺ ነሽ።"

የሻረግ እጇን ዘረጋች። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ሹሩባውን መያዝ አቃታት። ያን ጊዜ አስካለ ከጀርባ ተቀመጠች። እናቷ በቃሏ ትመራታለች፣ አስካለ ትፈታለች። እናቷ የሙሽሪትን ጉንጭ በእጇ ደግፋ ይዛለች። የእናት እጅ አልነካውም እንዳይባል ነው። አስካለ ሙሽሪትን በታች ውሃ አጠበቻት፣ ዓይኗን አስጨፍና ሁለቱም ልጆች እስኪስቁ አጠበቻት። ከዚያ ደብሪቱ የገዛ ነጠላዋን አነጠፈች፣ አስካለ አበጠረች። የረገፈውን አልነግራችሁም። ነጠላው ጠቆረ ይባላል።

ደብሪቱ ያንን ነጠላ አልጣለችውም። አራቱን ጫፍ ሰብስባ ያዘችው። ጸጉሯን ለቃ፣ ውሃው በጀርባዋ እየወረደ፣ ገደሉን ወጣች። አስካለ ከኋላዋ ናት። የላይ ውሃ ሲደርሱ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እንስራቸውን ደርድረው ቆመዋል። እመት አየለችም አሉ።

"ኧረ ምን ጉድ ነው! ሹሩባሽ! ማን ነካው? የልጄን ትዳር ልታፈርሺብኝ ነው?" ብለው ጮሁ።

ደብሪቱ ነጠላውን መሬት ላይ ዘረጋችው።

"እመቴ፣ ይሄ የኔ ነው" አለች። "የየሻረግ አልነበረም። የአስካለም አልነበረም። ከግንቦት ጀምሮ የኔ ነው።"

ውሃው ብቻ ይወርዳል። እመት አየለች ምላጩን ሊያስመጡ አፋቸውን ከፈቱ። ይሄኔ ሽታዬ እንስራዋን አስቀመጠች።

"የኔም ነበር" አለች። "አራት ልጆቼም ነበረባቸው። የሻረግ ናት ያጠራችልኝ።"

"የኔም ነበር" አለች አንዷ።

"የኔም ነበር" አለች ሌላዋ።

እንዲህ እያሉ ስምንት ሆኑ። እርስ በርስ እየተያዩ፣ "አንቺም? አንቺም?" ይባባላሉ። እመት አየለች አንዷን ሲያዩ ሌላዋን ሲያዩ፣ ምን እንደሚሉ ሲያስቡ፣ እጃቸው በገዛ ፈቃዱ ተነሣ። ሻሻቸው ሥር ገባ። አከኩ።

ሁሉም አየ። ሽታዬ ሳቋ አመለጣት፣ አፏን በነጠላዋ ያዘችው።

እመት አየለች እጃቸውን አወረዱ። "ትንኝ ነው" አሉ።

ያን ጊዜ አስካለ ወደ ፊት መጣች። ማንንም ዞራ አላየችም፣ እናቷ እዚያ የለችምና። ሚዶውን በእጇ ይዛለች። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"እመቴ፣ ይቀመጡ" አለች።

እኚያ ትልቅ ሴት ቆመው ቆመው፣ በመጨረሻ ነጠላቸውን አውልቀው መሬት ላይ አነጠፉ። ተቀመጡ። ሻሻቸውን ፈቱ።

በዚያው ቀን የግራዋ በር ሰው ሁሉ ተበጠረ። አንድ ቤት ሳይቀር፣ ባንድ ቀን። አንዱ ቤት ሲጠራ አንዱ ቤት ከቀረ ከንቱ ድካም መሆኑን አስካለ ነገረቻቸው። በዘጠነኛው ቀን ደግመው ተበጠሩ። ያ ክረምት ሳይወጣ ማከክ ቆመ።

የሻረግን በዚያው ከሰዓት በቃሬዛ ነው ያወጧት። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ ያ የላጫት ሰው ነው። አንዷን ጫፍ ሽታዬ ይዛ ነበር፣ "አንቺ ሴት ነሽ፣ ተዪው" ሲሏት ሰድባቸዋለች። የታች ውሃዋን ጎጆ እመት አየለች ራሳቸው አስፈረሷት። የሻረግ አርባ ቀን ታመመች፣ ከዚያ ተነሣች። ልትፈጭ ስትሄድ አሁን ሴቶቹ መጁን ይቀሟት ነበር ይባላል። የደብሪቱ ትዳርም በረከተ፣ ስድስት ልጅ ወለደች። ወንዙ ሲጎድል እናቷ ስትመጣ፣ ሹሩባውን ማን እንደፈታው ሲነግሯት፣ የየሻረግን እጅ ይዛ ሳመች።

የየሻረግ ጸጉር ግን አልተመለሰም። ንዳዱ ነው ይላሉ። እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት በቀለ፣ ሌላው ቀረ። እሷም አልሸፈነችውም። ራሷን ገልጣ እንስራዋን ተሸክማ ወደ ላይ ውሃ ትመጣለች። ስትመጣ ሴቶቹ ሁሉ እንስራቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ። እሷ ትቀዳለች፣ ከዚያ እነሱ ይቀዳሉ።

እነሆ ግራዋ በር እስከ ዛሬ አለ። ክረምት ሲገባ አንዲት ልጅ አከከች ከተባለ፣ መንደሩ ቀን ይቆርጣል። በየቤቱ ነጠላ ይነጠፋል። መጀመሪያ የምትቀመጠው የቤቲቱ እመቤት ናት፣ ከእሷ በፊት የልጅ ራስ አይነካም። በዘጠነኛው ቀን ይደገማል፣ ቀኑም "የየሻረግ ዘጠኝ" ይባላል።

ከዚያ ወዲህ የተላጨች ሴት ደግሞ ሌላ ወግ አላት። በሐዘን ትላጭ፣ በበሽታ ትላጭ፣ በስለት ትላጭ፣ ለምን ተብላ አትጠየቅም። ወደ ላይ ውሃ ከመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል፣ ሕፃንም ብትሆን። ሌላው ሁሉ እንስራውን ወደ ኋላ ይስባል። አንዳንዴ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ይቆጣል። "እኛ ከጠዋት ጀምረን ቆመን፣ ይቺ አሁን መጥታ እንዴት ትቀድማለች?" ይላል።

የግራዋ በር ሴቶችም ይመልሱለታል፤ "እሷ ቀድማ ወርዳልናለች።"